ሁለት ውሃ የታጠበ ጭድ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ «የእርሻ ተረፈ ምርትን ተጠቅሞ እርሳስን ከፍሳሽ ማስወገድ» ይላል። ተረፈ ምርት ያልኩት የጤፍ ጭድ ነው። ሞጣ ላይ ጭድን ተረፈ ምርት የሚል ሰው ከብት ኖሮት አያውቅም። እኔ ግን ቢቸና ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየተመላለስኩ ስማር ቃሉንም ከዚያው ይዤው መጣሁ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ሞጣ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንዲት የወተት ላምና የጓሮ ጎመን ነው። ከአጥሯ ማዶ የመኪና ባትሪ የሚጠግን ሰው አለ። ባትሪ ያጠበበት ውሃ በቦይ ወርዶ ጎመኗ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ውሃውን በሃይላንድ ቀድቼ ላብራቶሪ ወሰድኩት። ውጤቱ ሲወጣ በውስጡ ያለው እርሳስ ጉድ ነበር። ደስ አለኝ። ርዕስ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ወንድም ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ቤት ጎመን ሲቀርብልኝ «ጨጓራዬን ያመኛል» እያልኩ ገሸሽ አደርገዋለሁ። እሷም አዝና ተልባ ትበጠብጥልኝ ጀመር።

በርሜል ታቹን በስተን አጥሩ ስር ተከልንና ጭድ ጠቀጠቅንበት። ጭዱን ከክምሯ የሰጠችኝ እሷው ናት።

«የላሜን ጉርሻ ነው የቀማኸኝ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ እያጉረመረመች።

ባትሪ ሠሪው ቅር ሳይለው ውሃውን፣ አሲዱን እንዲያበርደው አመድ እየጨመረበት፣ ወደ በርሜሉ መለሰው። ሠራ። ጭዱ እርሳሱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ከታች የሚወጣው ውሃ ከላይ ከገባው ጋር አይገናኝም። ጭዱ ሲጠግብ እያወጣሁ አጥር ጥግ ከመርኩትና ሸራ አለበስኩት። የት እንደሚጣል አላሰብኩበትም። ጥናቱ መጨረሻ ላይ «ያገለገለው ጭድ አወጋገድ ወደፊት ቢጠና» የሚል አንድ መስመር ጻፍኩ። ፈታኞቼም አንድ ጥያቄ ሳያነሱ አለፉት፤ በጣም ጥሩ ብለውም አስመረቁኝ።

ለእህቴ የነገርኳት «እንዳትነኪው፣ ቆሻሻ ነው» ብዬ ብቻ ነው። መርዝ ነው አላልኳትም። ብላት ኖሮ በዚያው ዕለት በርሜሉን ታስነሳ ነበር፣ ጥናቴም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰኔ ላይ ደወለችልኝ። ላሟ ግድግዳውን በግንባሯ እየገፋች ጥርሷን ታፋጫለች አለችኝ። ከቢቸና ተነሳሁ። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ቆመ፣ ጉንደ ወይንም ቆመ፤ እኔ ስንጨረጨር ሾፌሩ ሻይ ይጠጣል። ስደርስ የላሟ ዓይን ማየት አቁሟል። ሸራው ተገልጧል፤ ከስሩ የነበረው ክምር የለም።

የእንስሳት ሐኪሙ ምን እንደበላች ጠየቀ። እህቴ ቀደመችኝ።

«ጭድ ነው እንጂ ምን ትበላለች። የኔው አልቆብኝ የወንድሜን ትርፍ ሰጠኋት። ቆሻሻ ነው ስላለኝ ሁለት ውሃ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ጨው ነስንሼበት ነው።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ያኔ እንኳ ብናገር ኖሮ ምናልባት ለላሟ የሚሰጣት መድኃኒት ይኖር ነበር። ኬሚስትሪ አስተማሪው ወንድሟ አፉን ዘግቶ ቆመ።

ላሟ በማግስቱ ሞተች። እህቴ የማይታለብበትን ማለቢያ በልማድ እያጠበች ሳለ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የውሃውን፣ የጭዱን፣ መርዝ የሚለውን ቃል ለምን እንደዋጥኩት። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። እንድትረግመኝም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ማለቢያውን አስቀመጠችና በጓሮው በር በኩል ጎመኗን ስታይ ቆየች።

«ጎመኑም ያንኑ ውሃ ሲጠጣ ነው የከረመ» አለች።

ያስቀመጠችውን ማለቢያ አንስቼ ማጠቡን ቀጠልኩ።

«ለካ» አለች ፊቷን ሳትመልስ፣ «ጨጓራህን አልነበረም።»