ሐኪሙ የከለከለው እጣን

ሱክፋን ከወላጆቿና ከሴት አያቷ ጋር ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የተዛወረችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 ነው። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። አባቷ ማውንቴን ቪው በሚገኝ ምግብ ቤት ሰሃን ያጥባል። እናቷ ቤት ውስጥ ትሠራለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ሰው ከሚልፒታስ በካርቶን የታጨቁ የኮምፒውተር ቦርዶች ያመጣላታል፤ እሷም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጥቃቅን ክፍሎቹን በቀለጠ እርሳስ ትበይዳለች። ሱክፋን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተረፈውን ሽቦ ትቆርጣለች። አከራዩ የብየዳው ጢስ ሽታ ደርሶት እንዳያባርራቸው መስኮት አይከፈትም። አያትየው የሚተኙት እዚያው፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት አያትየው ያስላቸው ጀመር። ሳሉ ሲብስባቸው ክሊኒክ ወሰዷቸው። እንግሊዝኛ የምትችለው ሱክፋን ብቻ ስለነበረች እናቷ አውቶቡስ ውስጥ ስለ ሥራው ትንፍሽ እንዳትል አስጠነቀቀቻት። ሥራው ከቀረ ቤቱም ይቀራል።

አያትየው ራጅ ሊነሱ ሲገቡ ሐኪሙ ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ እንዳለ ጠየቀ። የለም አለችው። ሌላ ጢስስ? ሱክፋን ጥያቄውን ለእናቷ በቋንቋቸው፣ በካንቶኒዝ ነገረቻት። እናቷ ትንሽ አሰበች።

«ለሟቹ አያትሽ የምንለኩሰው እጣን አለ በይው።»

አለችው። ሐኪሙ ጻፈ፤ እጣኑ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም አለ።

እቤት እንደገቡ እናትየው ከሟቹ ፎቶግራፍ ፊት የእጣን እንጨቶቹ የሚሰኩበትን ብርጭቆ አነሳች። አያትየው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«ሠላሳ ዓመት ለኩሼለታለሁ» አሉ። «አንድ ቀን አላሳለኝም።»

እናትየው መበየጃውን ሰካች።

ለጥቂት ሳምንታት አያትየው ፎቶግራፉ ፊት እጃቸውን አጋጥመው ይሰግዱ ነበር። ኋላ ባዶ እጅ መቅረብ ነውር ነው ብለው ያንንም ተዉት።

በወሩ ክሊኒክ ሲመለሱ ሐኪሙ እጣኑ መቆሙን ጠየቀ። ሱክፋን ቆሟል አለች፤ እውነቷን ነበር። ሐኪሙ የአያትየውን ጀርባ ደግሞ አዳመጠ፤ ብሶባቸው ነበር።

«ሌላ ምንም የለም? እርግጠኛ ነሽ?»

እናቷ ምን እንደጠየቀ አልጠየቀችም፤ ከፊቱ ገብቷታል። ሱክፋንም አልተረጎመችላትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳታይ መለሰች።

«ምንም የለም።»

አያትየው በመጋቢት ሞቱ። ከተቀበሩ በሰባተኛው ቀን አልጋቸው ወጥቶ በቦታው ሌላ የብየዳ ጠረጴዛ ገባ። የሱክፋን ነበር።