መካኒኳ የእኔ ነበረች

«ከዚያ ሁሉ ሮቦት መሀል መካኒኳን መረጥሽ?» ብሎ ታናሽ ወንድሜ ሳቀብኝ። ስልኩ ላይ የድሮው የሮቦት ካርቱን ተከፍቶ ብረት ከብረት ይጋጫል።

ልጅ ሆኜ፣ ወደቡ ከተማ ዳር ባለው ሰፈራችን ባልባላ፣ ጎረቤታችን ፋጡማ ቤት ነበር በአረብኛ የማየው። የመክፈቻው ዘፈን ሲጀምር ቀድሞ የጮኸ በጨዋታችን የፈለገውን ይሆናል። ወንዶቹ በሮቦቶቹ ይደባደባሉ። ሮቦቶቹን የምትጠግነውን፣ እጇ ግራሶ የለበሰውን ሴትዮ ግን ማንም አይሻማኝም።

አንድ ቀን ስለ እሷ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ከአዲስ አበባ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የወደብ ተራው እስኪደርስ ደጃችን ካቆመው ተሳቢ ስር ባሰረው ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ነበር።

«ሮቦቱ ወደ ሰማይ ሲመለስ እሷስ?» አልኩት።

«እሷማ ትጠብቀዋለች። መንገደኛ የሚመለስበት ቤት ያስፈልገዋል፣ የኔ ልጅ።»

እናቴ ሸሚዙን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «ስንት ቤት እንደሚያስፈልገው ጠይቂልኝ እስቲ» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ጠየቅኩት። እርጥቡን ሸሚዝ ተቀብሏት ለበሰና ጋቢና ወጣ። አዲስ አበባ ሌላ ሚስትና ልጆች እንዳሉት የሰማሁት ኋላ ነው።

ቦርሳዬን ሳነሳ ወንድሜ ስልኩን አስቀመጠ። «አባዬ ወደብ ደርሷል፣ ራት እዚህ ነው የሚበላው። አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?»

«ሰላም በልልኝ፣ እኔ አልጠብቀውም» አልኩትና ጫማዬን አድርጌ ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።