ርብ ዝም ያለ ዕለት

ሙናዬ ወረታ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ መምህርት ነበረች። በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. የርብን ወንዝ ከፍታ እየለካ በስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ እንድትሠራ ተጠየቀች። ባልደረባዋ እሱባለው ሁሉን የምትችል ትንሽ ኮምፒውተር እንድትጠቀም መከራት። እሷ ግን በፎገራ ሜዳ ክረምት ፀሐይ ለቀናት እንደማትወጣና ኮምፒውተሯ በፀሐይ የሚሞላውን ባትሪ ቶሎ እንደምትጨርስ አሰበች። ስለዚህ ጥቂት ኃይል የሚበቃት ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መረጠች፤ ሰሌዳዋ በየሰዓቱ ትነቃለች፣ ለክታ ትልካለች፣ ተመልሳ ትተኛለች።

ነሐሴ ላይ ሰማዩ ተደፍኖ ሰነበተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ መልእክቱ ቀረ።

«ባትሪው አልቆ ይሆናል» አለ እሱባለው።

የወንዙ ዳር ሰዎች መሣሪያው ይነግረናል ብለው ከብታቸውን ሜዳ ላይ አሰማርተዋል። ሙናዬ በከንቱ ብታስደነግጣቸው ደግሞ ሌላ ቀን አያምኗትም። ስልኳን አንስታ ወንዙ አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መሪጌታ በእውቀቱ ደወለች።

«መሪጌታ፣ መልእክቱ አልደረሰኝም። ፈርቻለሁና ሰዉን ያስወጡልኝ።»

«ውኃው መሙላቱን ሳታውቂ ነው?»

«አዎ፣ ሳላውቅ ነው።»

«እሺ ልጄ፣ ደወሉን አስደውላለሁ» አሉ መሪጌታ።

ሰዉ ከነከብቱ ወደ ጉብታው እየወጣ ሳለ የዘገዩት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። ባትሪው ደህና ነበር፤ የተቋረጠው ኔትወርኩ ነው። ርብ ግን ከዳርቻው አልፎ ነበር።

የሜዳውን የሩዝ ማሳ ውኃ ዋጠው፤ ሰውም ከብትም ተረፈ። ሙናዬ ሰሌዳዋን አልቀየረችም። ለመንደሩ ግን አንድ ደንብ አወጣች፦ መልእክት ከቀረ፣ ውኃ እንደመጣ ይቆጠር።