አክስቴ ያላስጻፈችኝ ቃል

እቴቴ የምላት አክስቴ ካረፈች ሁለት ወር ሆናት። በነፋስ ስልክና በብስራተ ገብርኤል የምንኖር የእሁዱ የሬዲዮ ድራማ ወዳጆች፣ አስተያየታችንን እየጻፍን ከቤት ቤት የምናዞረው ደብተር ነበረን። ብዙ ዓመት የዞረውን ይህን ደብተር ያስጀመረችው እሷ ናት። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል የሌሎቹን አነብላት፣ የእሷንም እጽፍላት ነበር። ክርክሩ ቢጋጋል እንኳ፣ «መጀመሪያ ጤናቸውን ጠይቂልኝ» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡት አስተማሪ ጎረቤታችን ጋሼ፣ «ያልተማረ ሰው ስለ ድራማ ምን ያውቃል?» ብለው ጻፉ። እኔ ለእሷ ሳላነብላት አለፍኩትና በስሟ ክፉ ስድብ ጻፍኩባቸው። ጋሼ በማግስቱ ደብተሩን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ስድቡን ሲያነቡላት አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«አዎ፣ ከእኔ ቤት የወጣ ነው» አለቻቸው። «ይቅር ይበሉኝ። እስቲ ይግቡ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት?»

ከሄዱ በኋላም አልተቆጣችኝም። «በይ ብዕርሽን አምጪ፣ የዛሬውን እንጻፍ» ብቻ አለችኝ።

ድራማውም ዘንድሮ አለቀ። ባለፈው እሁድ ደብተሩን ልንዘጋ እኛ ቤት ተሰበሰብን። በእሷ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። የመጨረሻውን ገጽ ለእኔ ተዉልኝ። ያን ስድብ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያኔም ገብቶኝ ነበር» አሉኝ። «አንቺን ስትሸፍንሽ ሳይ ግን፣ እኔም በጻፍኩት አፈርኩ።»

እቴቴ፣ የእኔን ጥፋት የራስሽ ስላደረግሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍሽ።