የዓሣ እርሾ

ሙክት ሰጥቶ ዓሣ የገዛ ሰው በገንዳ ውሃ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ ያውም ሁዳዴ ሊገባ ሲል። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ፣ «ጋሼ ባለ አራት እግሩን ሰጥተው እግር የሌለውን ይዘው ገቡ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን እኔም ዓመቱን ሙሉ እስቅበት ነበር።

ባለቤቴ ቆላን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። የተወለደችው ደምቢያ፣ ጣና ዳር ነው። በወጣትነቴ ትራክተር ልነዳ አብደራፊ ስወርድ ተከትላኝ ወረደች። ኋላም ወደዚህ ወደ መተማው በኩል መጥተን የራሳችንን ሰሊጥና ማሽላ ስንዘራ አብራኝ አረጀች። ግን መጋቢት በገባ ቁጥር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ አገር ነው ወይስ እቶን?» ማለቷን አልተወችም። ልጃችን ጎንደር ቤት ከያዘች ወዲህ ደግሞ ሙቀቱ ሲጠና ወደ እሷ ትወጣለች፤ ዝናብ ሲጥል ትመለሳለች። የምትመለስበት ጊዜ እየራቀ መምጣቱን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። አምና የመጣችው ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ከቆመ በኋላ ነበር።

ዘንድሮ ሻንጣዋን ስታሰናዳ አየኋት። ልብሷን መያዟ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ከራስጌያችን የእመቤታችንን ሥዕል አውርዳ፣ በነጠላ ጠቅልላ ከሻንጣው ሥር ስታስቀምጠው ነው። ያ ሥዕል ከደምቢያ ይዛው የወረደችው ነው። ቤት በቀየርን ቁጥር ከዕቃ ሁሉ በፊት የሚሰቀል፣ ከዕቃ ሁሉ በኋላ የሚወርድ እሱ ነው። ሥዕሉ ሲሄድ እሷም ሄደች ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻውን አፍጥጦ ቀረ። አልጠየቅኋትም። መልሱን የፈራሁትን ነገር ጠይቄ አላውቅም፤ እዚህ ዕድሜ የደረስኩትም በዚሁ ብልሃት ይመስለኛል። ባርኔጣዬን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ፣ ራቁት አናቴን ለፀሐይ ሰጥቼ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የግብርና ባለሙያ ጎረቤታችን ወደ ጎንደር ተዛውሮ ዕቃውን እየሸጠ ያራግፍ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ነበረው፤ ከነዓሣው፣ ከነአየር መንፊያው። ባለቤቴ እነሱ ቤት ለክርስትናም ሆነ ለለቅሶ ስትሄድ የምትቀመጠው እሱ ፊት ለፊት ነበር፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ዓይኗ ከዚያ አይነሳም። ጣናን ላመጣላት አልችልም፤ አንድ ጭልፋ ግን አያቅተኝም ብዬ ሙክቴን እየጎተትኩ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዓሣ አርብተው ያውቃሉ?» አለኝ ሰውዬው።

«በልቼ አውቃለሁ።»

ሳቀና ያስረዳኝ ገባ። ትንሿን ገንዳ ይዞ ሊሄድ ነው፤ ትልቋ መንገድ አትችልም። ውሃው ከመጨመሩ በፊት ማደር አለበት። ምግብ ቆንጠር ተደርጎ ነው የሚሰጥ። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ የያዘ ዕቃ አሳየኝና፣ «ይኼ ደግሞ ፊልትሮው ነው፣ እሱን...» ሲል አቋረጥኩት።

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እኔ ፊልትሮ ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። ስለ ፊልትሮ ለእኔ አትንገረኝ።»

ሰውዬው አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ገጠመው። ታላቅ አክባሪ ሆኖ ማደጉ ጎዳን።

ዓሦቹን በባልዲ፣ መስታወቱን ጆንያ አንጥፌ በአህያ ጋሪ ጭኜ መጣሁ። የሰፈሩ ሰው ቆሞ አየኝ። አንዱ፣ «ጋሼ፣ የጾም ሙክት ገዙ?» አለ። ባለቤቴ በር ላይ ወጣች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጣና ነው፣ እሜቴ። ጠበብ ስላለ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ባልዲውን ከፍታ አየች። ወርቅ መሳይ አራት ዓሦች ናቸው፤ አንዷ ሆዷ ነጭ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣ «ይኼ የሰው ዕቃ ነው። ሳይታጠብ፣ ሳይታጠን ምንም አይገባበትም» አለች።

እንግዲህ የእኛ አገር ሥርዓት ነው። ከሌላ ቤት የመጣ ጋን ይሁን እንስራ በግራዋ ተፈትጎ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ ነው የቤት ዕቃ የሚሆነው። ሥርዓቱ ሲወጣ መስታወት አልነበረም፤ መስታወት ይቅር የሚል ግን አላገኘንም። ግራዋውን ከገበያ አስመጣች። ገንዳውን አረፋ እስኪያወጣ ፈትጋ፣ አጥባ፣ ወይራው ላይ ደፋችው። መስታወቱ ጢሱን ሲጠግብ ቤታችን የጠላ ቤት ሸተተ።

እኔም ሥራ ፈት አልሆንኩም። ስፖንጁን ሳወጣው የከረመ የሞተር ዘይት ይመስላል፤ ጥቁር፣ የሚያሟልጭ። ትራክተር የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ቆሻሻ ፊልትሮ ሞተር ይበላል። እኔ የነዳሁት ትራክተር በፊልትሮ ምክንያት ቆሞ አያውቅም። ስፖንጁን በሳሙና አሸሁት፣ ጨመቅሁት፣ ደግሞ አሸሁት፣ የፈላ ውሃም ደገምኩለት። ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ፣ «አየሽ፣ ለካ ሰማያዊ ነው» ብዬ እንደ ሜዳልያ አሳየኋት። «ምን ዓይነት ዝርክርክ ሰዎች ኖረዋል» አለች። ጎረቤት አምተን፣ በንጽሕናችን ተደስተን፣ ውሃ ሞላን። አየር መንፊያው ቡልቅ ቡልቅ ሲል በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ያን ዕለት ስለ አውቶቡስ አላነሳችም። እኔም በልቤ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ለካ ሰው ነህ አልኩ።

ምስጋናዬ አልቆየም። ሳምንት ሳይሞላ ውሃው እንደ አጥሚት ደፈረሰ። ዓሦቹ ከላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ የሚናገሩት ያላቸው ይመስላሉ። ሙቀቱ ነው አልኩ። በእርሻ ላይ ሠራተኛ የሚጠጣውን ውሃ የምናቀዘቅዘው ጄሪካኑን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ነው፤ እኔም ገንዳውን በሦስት ጎኑ ጆንያ አለበስኩና ውሃ አርከፈከፍኩበት። ውሃው እውነትም ቀዘቀዘ። ዓሦቹ ግን አልተሻላቸውም። አንዷ ሞተች፤ ቀጥላ ሁለተኛዋ። ባለቤቴ ጓሮ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቀበረቻቸውና፣ እጇን ታጥባ ገብታ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ሳበች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ገንዳውን የሰጠኝ ሰውዬ ዘንድ ጎንደር ደወልኩ። ባለቤቴም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ ስፖንጁን አልነኩትም አይደል?»

«አጠብሁት።»

«በውሃ ብቻ?»

«በሳሙና። ከዚያ በፈላ ውሃ።»

«ገንዳውንስ?»

«በግራዋ» አልኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «አጥነነዋል ደግሞ» አለች፤ የጎደለ ነገር እንዳይመስለው ነው።

ሰውዬው ሳለ። ሳቅ የሚውጥ ሰው ሳል ነው፤ አውቀዋለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን፤ ያ ጥቁር ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ነፍስ ያለው ነው። በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ስፖንጁ ውስጥ ይኖራል፤ የዓሦቹን እድፍ የሚበላው እሱ ነው። እሱ ሲሞት ዓሦቹ በገዛ እድፋቸው ይመረዛሉ። በራሱ እስኪፈጠር ብዙ ሳምንት ይፈልጋል፤ የቀሩት ሁለቱ እስከዚያ መቆየታቸውን እንጃ።

እኔ ገና ከትራክተሩ ፊልትሮ ጋር ሳስታርቀው ባለቤቴ ጨርሳዋለች።

«እርሾ ነዋ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «እርሾውን ነው አጥበህ የደፋኸው።»

«አንቺስ ገንዳውን አላጠንሽም?»

«እኔ ማሰሮውን አጠብሁ። እርሾ ያጠበ ሰው አንተን አየሁ።»

ፍርዱ ልክ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ልጄ፣ እርሾ ያለቀበት ሰው ከጎረቤት ነው የሚዋስ። ያች ትንሿ ገንዳ አለች?»

«አለች፣ እትዬ። ከስፖንጇ ግማሹን ቆርጬ እሰጥዎታለሁ። ግን እንዳይደርቅ። ከዚህ በወጣበት ቀን ገንዳው ውስጥ መግባት አለበት።»

«ነገ እመጣለሁ» አለች።

እኔ የፈራሁት አውቶቡስ ነበር፤ እሱው በገዛ ስልኬ ተጠራ። «ሹፌር ይላክበት፣ አንቺ ምን አንከራተተሽ?» አልኩ።

«እርሾ በሹፌር ይላካል? ሰውዬው መንገድ ላይ አቁሞ ጫት ሲገዛ ይደርቃል።»

ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። ሻንጣዋን ይዛለች። ሥዕሉ ውስጡ ነው። ለአንድ ስፖንጅ ይህን ሁሉ ዕቃ ምን አስያዘሽ ልላት ፈለግሁና፣ «ውሃ ያዝሽ?» አልኳት።

ቤት ገብቼ ከሁለቱ ዓሦች ጋር ተፋጠጥን። የታዘዝኩትን ሠራሁ። ከሱዳን በመጣው ትልቁ ማሰሯችን፣ በዚሩ፣ ካደረው ውሃ እየቀዳሁ የደፈረሰውን በከፊል እለውጣለሁ፤ ጆንያውን አርሳለሁ። መብራት ሲጠፋና አየር መንፊያው ሲቆም በጣሳ ከፍ አድርጌ አንቆረቁራለሁ። ያን ያህል ደክሜ የሰሊጥ ማሳ እንኳ አላረምኩም። ነጭ ሆዷን፣ «እባክሽ ትንሽ ታገሽ፣ ላንቺ ሳይሆን ለእኔ ብለሽ» አልኳት። ይህን ያልኩት በሩን ዘግቼ ነው፤ አብዷል የሚለው ወሬ እንደሁ ከጋሪው ቀን ጀምሮ አለ።

ማታውን ከልጃችን ቤት ደወለች። ወትሮ የምትጠይቀው በር መቆለፌን ነው።

«እንዴት ናቸው?»

ላጋንን አማረኝ። «ነጭ ሆዷ ጎኗን እያሳየች ነው። የምትጠባበቅሽ ትመስላለች።»

«ነጭ ሆዷ ናት ወይስ አንተ?»

«ሁለታችንም» አልኩ።

በማግስቱ ስልክ የለም። ቀኑ ተጋመሰ፤ የጎንደር አውቶቡስ የሚገባበት ሰዓት አለፈ። ልጃችን ዘንድ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። መልሱን የፈራሁትን አልጠይቅም ብያለሁ። ጆንያውን አሁንም አረስኩት፤ ውሃው እግሬ ሥር ወረደ። እሷ ብትቀር እነዚህን ሁለቱን ምን ላደርጋቸው ነው? ደግሞ እኔን?

ፀሐይ ሊገባ ሲል ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ባለቤቴ ወረደች፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ፌስታል እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች። ሻንጣዋን ባጃጅ ነጂው ይዞላት ገባ።

«ፍተሻው ነው ያቆየን» አለች ሳትቀመጥ። «ፈታሹ፣ እማማ ምን ይዘዋል? አለኝ። እርሾ አልኩት። የጤፍ ነው? አለኝ። የዓሣ ነው አልኩት። ከፍቶ አሸተተውና፣ ይዝጉት እማማ፣ ይለፉ አለኝ። ከኋላ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ሳቀብኝ።»

እጅጌዋን ሰብስባ ጥቁሩን ስፖንጅ ከእኔ ሰማያዊ ሜዳልያ ጎን ከተተችው። ሊጥ ላይ እርሾ እንደምትጨምር ነው ያደረገችው፤ በጣቶቿ ዳር ዳሩን ተጭና፣ ለቅቃ፣ ከንፈሯን በልታ። ከዚያ፣ «አሁን ማንም አይነካውም» አለችኝ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

ልጃችን ደወለች። «አባዬ፣ እማዬን ምን አድርገሃት ነው? አልጋው እንኳ ሳይሞቃት፣ ይደርቅብኛል ብላ ተነስታ ሄደች።»

«እኔ ምንም አላደረግኋትም። ያጠፋሁት ፊልትሮ ብቻ ነው» አልኳት።

ውሃው ወዲያው አልጠራም። ሻንጣውም ከበሩ ሥር ሳይፈታ እንደ ቆመ ነው፤ ቤት ስገባም ስወጣም እግሬን ይመታኛል፤ አንሽው አላልኳትም። ጠዋት ጠዋት እሷ ገንዳውን ታያለች፣ እኔ ሻንጣውን አያለሁ። ጎረቤት የመጣች ሴት ሁሉ ፊልትሮ ያጠበውን ሽማግሌ ታሪክ በአዲስ ጨው ትሰማለች። ይሁን፤ የሚነገረው እዚሁ ቤት ተቀምጦ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከጓሮ ስገባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። መስታወቱ ውስጥ ከወዲያ በኩል ያለው የጆንያ ሽመና ሳይቀር ይታያል። ነጭ ሆዷ እታች ወርዳ ጠጠሩን ትቆረጥማለች፤ ሌላዋ ትከተላታለች።

«ቦክቷል» አለች ባለቤቴ።

ተነስታ ሻንጣውን ወደ ውስጥ ጎተተችው፤ ከሥሩ ነጠላውን አውጥታ ፈታችው። ወደ ራስጌያችን ግድግዳ ቀና ብላ ቆየችና ዞራ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ባርኔጣህ ሌላ ቦታ የለውም?»

አለው አልኳት። አንስቼ አናቴ ላይ ደፋሁት።