የአባቴ ሁለተኛ ዓይን

በ1931 ዓ.ም.፣ ኅዳር 13 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቡሬ የሰፈረ አንድ ጣሊያናዊ የመንገድ መሐንዲስ የአባቴን መልክ በወረቀት አትሞ ሰጣቸው። ምስሉ ባለ አንድ ዓይን ነበር።

አባቴ የደብሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። እኔ መንገድ ሥራ ላይ በለመድኳት ጣሊያንኛ አስተረጉማለሁ። መሐንዲሱ ከጎን የሣላቸው ሊያከብራቸው ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአገሩ የትልልቅ ሰዎች መልክ እንዲያ ይታተም ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ግን በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና አጋንንት ናቸው።

ወረቀቱን የደብሩ አለቃ አዩት። ያን ሰሞን አባቴን አዲስ ዳዊት ሊያጽፏቸው ተነጋግረው ነበር።

«መሪጌታ፣ አንዱን ዓይንዎን ለጣሊያን ሰጡት እንዴ?»

«ኧረ ሁለቱም አሉ፣ አለቃ።»

«እዚህ ላይ የሉማ! እንግዲህ የዳዊቱን ነገር ትንሽ እናቆየው።»

በማግስቱ ወደ መሐንዲሱ ሄድን። ሁለት ዓይን ያለው እንዲሠራልን ብንለምነው፣ ምስል የምቀርጽበት ሌላ የመዳብ ሰሌዳ የለኝም አለ። አባቴ «እንዴት እንደሠራው ጠይቀው» አሉኝ።

አሳየን። መዳቡን በጥርሳም ብረት እየወዘወዘ ጠቅላላ ያሻክረዋል። ሻካራው ቀለም ስለሚይዝ እንዲሁ ቢታተም ድፍን ጥቁር ይወጣል። ብርሃን የሚፈልግበትን ቦታ ፍቆ ያለሰልሳል።

«ብራና ፍቄ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ አባቴ። «ከአፍንጫዬ ወዲያ ያለውስ ጥቁር አልተነካም?»

አልተነካም።

«ታዲያ ሌላው ፊቴ እዚያ ውስጥ ነዋ! መፋቂያውን ስጠኝ በለው።»

መሐንዲሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ሰጣቸው። አባቴ እስከ ቀትር ጉንጩን ከጥቁሩ ፍቀው አወጡ። ከዚያ ብሌኑን ሳይነኩ የዓይኑን ነጭ ፋቁ። መሐንዲሱ ቀለም ቀባ፣ ጠረገ፣ እርጥብ ወረቀት አልብሶ በመጭመቂያው አሳለፈው። ዓይኑ እንደ ግድግዳ ሥዕል ዓይን ትልቅ ሆኖ ወጣ።

«ይህን ያስተማሩኝ ቢያዩ ያባርሩኛል» አለ።

«እኔን ግን ያስገባኛል በለው።»

ኅዳር 21 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አለቃው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይቺኛዋ ትልቃለች።»

«እሷ የኔ ሥራ ናት፣ አለቃ።»

በማግስቱ ለዳዊቱ የሚሆን አሥራ አምስት የፍየል ቆዳ ቤታችን ደረሰ።