በአንድ ብስክሌት ቪየንቲያን ውስጥ

የነዳጅ ዋጋ ወድቆ የካናዳዋ ካልጋሪ ሥራ በቀዘቀዘባት ዊንተር ነው፤ በየሳምንቱ የአንዱ ጎረቤት ከሥራ መውጣት ይሰማ ነበር። ያኔ የሄድንበት አገር ዛሬም አይቼው ይሁን አልሜው አንዳንዴ ይምታታብኛል። የማልረሳው ግን ለውበቱ አይደለም። የጠፋብኝን ባሌን መልሼ ያገኘሁት እዚያ ስለሆነ ነው።

ባሌ ተስፋይ ዳውንታውን አንድ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ድራፍትስማን፣ ንድፍ አውጪ፣ ነበር። ከሥራው ሌይ ኦፍ ከተደረገ በኋላ አፉን ዘጋ። አኩርፎ አይደለም፤ ብላ ሲሉት ይበላል፣ ቸርች እንሂድ ሲሉት ይሄዳል። ከዚያ ታራዴል ሰፈር ያለው ቤታችን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ይወርድና የተዘጋ ቲቪ ፊት ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ደህና ነኝ። ሰው እንዴት ወራት ሙሉ ደህና ነኝ እያለ ይኖራል?

የላኦስ ቲኬታችን ግን ከሥራ ሳይወጣ ተቆርጦ ነበር። ሁለታችንም ያደግነው አስመራ ነው፤ ብስክሌት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዋና ከተማዋ ቪየንቲያን ገብተን፣ ከዚያ የሜኮንግን ወንዝ ተከትለን በብስክሌት ወደ ደቡብ መውረድ የተስፋይ የዓመታት ሐሳብ ነበር። አሁን ግን እንቅር አለ። እኔ ፈራሁ። እዚያ ቤዝመንት ከከረመ ይህ ሰው ተመልሶ አይወጣልኝም ብዬ ለመንኩት፣ ሄድን።

ከተማዋ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። አንዲት አሮጊት የሚያስተዳድሯት ትንሽ ማረፊያ አገኘንና እንደ ድንጋይ ተኛን።

ጎህ ሲቀድ ስነቃ የት እንዳለሁ አላወቅሁም። በረንዳው ላይ ስወጣ ጭጋግ ከወንዙ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ካልጋሪ ፊቴን ሲቆርጠኝ የከረመው አየር እዚህ ለስላሳና እርጥብ ነው። ብርቱካንማ ልብስ የለበሱ መነኮሳት በባዶ እግራቸው ተሰልፈው በጭጋጉ ውስጥ ያልፋሉ፤ የእግራቸው ኮቴ እንኳ አይሰማም። ሴቶች በመንገዱ ዳር ተንበርክከው በየሳህናቸው ሩዝ ያደርጉላቸዋል። ጌታ ሆይ፣ ሞቼ ይሆን እንዴ አልኩ። የሚሸተው አጠገቤ ያለው ዛፍ ነጭ አበባ ይሁን ሌላ ባላውቅም ግቢው በሙሉ ያውዳል።

ከሕልሜ ያነቃኝ የካርቶን መቀደድ ድምፅ ነው። ተስፋይ ግቢው ውስጥ የብስክሌቶቹን ካርቶን ከፍቷል። ከካልጋሪ ስንነሳ ፈታትቶ ካርቶን ውስጥ የከተታቸው እሱ ነበር፤ መፍቻ ኪያቤዎቹንና የተፈቱትን ፔዳሎች በአንድ ጥቁር ቦርሳ አድርጎ አብሮ ጨምሮ ነበር። አሁን ቦርሳው የለም። በቦታው ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ አለ።

የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፣ መንገደኛ ሻንጣውን ራሱ አይዘጋም። ከመሄዳችን በፊት የቸርች እህቶች ለጸሎት ሲመጡ ካርቶኑንም ያሸጉት እነሱ ናቸው። ወዲያው ለእትዬ ለተብርሃን ደወልኩ፤ ከመካከላቸው ትልቋ እሳቸው ናቸው። ሚዛን እንዳያልፍባችሁ ብዬ ነው ያወጣሁት አሉ። “ብረት የትም አይጠፋም ልጄ፤ ሽሮ ግን እዚያ ማን ይሰጣችኋል?” አሜን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ተስፋይ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ።

“እንመለስ” አለ።

አሁን ከተመለስን በቃ፣ ቤዝመንቱ እንደሚውጠው ታወቀኝ።

የማረፊያዋ ባለቤት ከበረንዳው ሲያዩን ነበር። ወርደው ካርቶኑን አዩ፣ ሽሮውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ፣ ሳቁ። ቋንቋ አንግባባም። ገብተው የሞተር ብስክሌት መፍቻዎች የያዘ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ፔዳልም እንደሌለ ሲያዩ ደግሞ ከደረጃው ሥር የራሳቸውን አሮጌ ብስክሌት እየገፉ አምጥተው ባሌ እግር ሥር አጋደሙት። ፔዳሎቹን በጣታቸው አሳዩት። ከዚያ ትልቁን ኪያቤ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ዘረጉለት።

እንደኛው አገር! ትልቅ ሰው በሁለት እጁ የዘረጋውን እንቢ የሚል የኛ ሰው አላየሁም። ተስፋይ ብድግ አለ። እሱም በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። አንዴ ከያዘው በኋላማ እጁ ሥራውን ያውቃል።

አንዱ ብስክሌት ቆመ። ለሁለተኛው ፔዳል መግዛት ነበረብን፤ አሮጊቷ ሱቁ ያለበትን አቅጣጫ አመለከቱን። ተስፋይ ወጥቶ ተቀመጠና ወደ ኋላው እያመለከተ ተፈናጠጪ አለኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ፣ ኪሎዬንም አልናገርም። ተፈናጠጥኩ።

በወንዙ ዳር ቀስ ብለን ሄድን። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ጀልባዎቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ወደፊት እያየ፣ መናገር ጀመረ።

“ከሥራ ያስወጡኝ በጠዋት ነበር። እስከ አስራ አንድ ሰዓት በባቡር ስመላለስ ዋልኩ። ‘ዛሬ እንዴት ቶሎ መጣህ’ እንዳትይኝ ፈርቼ።”

እኔ፣ ዝም የማልለው፣ ዝም አልኩ። ጉንጬን ጀርባው ላይ አስደገፍኩ። እሱ ቀጠለ። እኔ ለሥራ ሺፍት ስወጣ እሱ ከአልጋ መነሳት እንደሚያሳፍረው፣ ቤዝመንት ተቀምጦ የእግሬን ድምፅ ከላይ ሲሰማ ብቻ እንደሚረጋጋ ነገረኝ። እኔ ለካ በየቀኑ ከላይ ስመላለስ አብሬው ነበርኩ። አለቀስኩ፤ ላብ ይሁን እንባ ሸሚዙ ላይ አይለይም። የፔዳሉን ሱቅ አልፈነው ሄድን፣ ማናችንም አላስተዋልንም።

በኋላ ለሁለተኛውም ብስክሌት ፔዳል ተገኘ፣ ወንዙን ተከትለን ብዙ ወረድን። ዛሬ ተስፋይ ሌላ ሥራ አለው፣ ይመስገን። ያን ጠዋት ሳስበው ግን አሁንም ሆዴ ይባባል። ፊቴን እያየ ሊነግረኝ ያልቻለውን፣ ፊቴን ሳያይ ነገረኝ።

ስለዚህ አሁን ፊቱ ጠቆር ሲል ምን ሆነህ ነው አልለውም። መኪናውን አስነሳ እለውና ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ስካይቪው ራንች የሚባለውን ሰፈር ዞረን እስክንመለስ በልቡ ያለውን ሁሉ ያወጣዋል። ጎረቤቶቻችን ሰውየው ታክሲ ጀመረ እንዴ ይላሉ አሉ። ይበሉ።